የሹሩባ ሠሪ ምርጫና ቅጥር፦ ከሰፈር እስከ ፀጉር ቤት

በኢትዮጵያ ከተሞች የሴቶች ፀጉር ቤት ከመስፋፋቱ በፊት ሹሩባ፣ ማለትም ፀጉርን በቀጭን መስመር ከፋፍሎ ከራስ ቆዳ ጋር አጣብቆ የመጎንጎን ጥበብ፣ በአብዛኛው በዘመድና በጎረቤት እጅ ይሠራ ስለነበር፣ ሠሪዋን የሚያስመርጣት በበዓልና በሠርግ ሰሞን በሌሎች ራስ ላይ የታየው ሥራዋ ነበር። ሙያው ወደ ኪራይ ቤት ገብቶ ካስክ፣ ማለትም ሙቅ አየር የሚነፋ ፀጉር ማድረቂያ፣ ሲጨመርበት ግን የፀጉር ቤቱ ባለቤት የማታውቃትን ሠራተኛ መቅጠር ግድ ሆነባት። በዚህ ጊዜ በሌሎች ሥራዎች የተለመደው ተያዥ፣ ይኸውም ሠራተኛዋ ለምታደርሰው ጥፋት ኃላፊነት የሚወስድ ሰው፣ እዚህም ተጠየቀ፤ ሆኖም ተያዥ ለጠባይ እንጂ ለእጅ ሊመሰክር ስለማይችል፣ ከሁሉ የሚበልጠው መመዘኛ የተግባር ፈተናው ነው። ተፈታኟ በሰው ራስ ላይ ስትሠራ መክፈያው መስመር ከግንባር እስከ ማጅራት ሳይዛነፍ መውረዱ፣ ጉንጉኑ እኩል መጥበቁ፣ በተለይም የግንባር ዳር ስስ ፀጉር አለመወጠሩ ይታያል፤ ተደጋጋሚ ውጥረት ፀጉርን ከሥሩ አሳስቶ ለዘለቄታው ሊያሳጣ ስለሚችል፣ ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ቸል የሚል ቀጣሪ ደንበኞቹን ይበድላል። የአንድ ቀን ፈተና ያላሳየውን የሙከራ ጊዜ ያሳያል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ይህ ጊዜ ከ45 ተከታታይ ቀናት እንዳይበልጥ ወስኖ የነበረ ሲሆን፣ የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጣሪያውን ወደ 60 የሥራ ቀናት ከፍ አድርጎታል፤ በሁለቱም አዋጆች የሙከራ ስምምነቱ በጽሑፍ መደረግ አለበት።