የአል ገርደቃ የባሕር ምርምር ጣቢያ

ግብፅ ውስጥ፣ ከሁርጋዳ ከተማ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ በከተማዋ ዐረብኛ ስም አል ገርደቃ የሚባል የባሕር ምርምር ጣቢያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ የያኔው የግብፅ ዩኒቨርሲቲ ሲያቋቁመው አካባቢው በበረሃ የተከበበ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበር። የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ ቀደም ሲል በሱዳን ጠረፍ የዕንቁ ዛጎል እርባታ ይመሩ የነበሩት እንግሊዛዊው ሲሪል ክሮስላንድ ናቸው። ተተኪያቸው ግብፃዊው ሐሚድ ጎሐር ዱጎንግ ስለተባለው ሣር በል የባሕር እንስሳ ጽፈዋል፤ ሕዝቡ ግን ይበልጥ የሚያውቃቸው ስለ ባሕር ያቀርቡት በነበረው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው።

ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው እንስሳ ነው፤ የጠራ ውኃ ይፈልጋል፣ ደለል ያፍነዋል። ወደ ቀይ ባሕር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። (የእኛው አዋሽ እንኳ ባሕሩን ሳያይ አፋር ላይ ይቀራል።) ከ1980ዎቹ ጀምሮ ግን ሆቴሎች ጠረፉን ያዙት፤ አንዳንዶቹም የባሕሩን ዳር በአፈር ሞልተው መሬት አደረጉት። ወንዝ ያላመጣውን ደለል ሰው አመጣው ማለት ነው። በ1994 የወጣው የግብፅ የአካባቢ ሕግ ቁጥር 4፣ ከባሕሩ ጠርዝ እስከ 200 ሜትር ያለ ፈቃድ መገንባትን ከለከለ። ጥሩ ሕግ ነው፤ ግን ዘግይቷል።

እኔን እንደ ሕግ ሰው የሚያሳስበኝ የማስረጃው ነገር ነው። ጉዳት ደረሰ የሚል ወገን ከጉዳቱ በፊት ምን እንደነበረ ማሳየት አለበት። ሆቴል በሌለበት፣ ክርክርም ባልተነሣበት ዘመን ጣቢያው ያሳተማቸው ጥራዞች ናቸው ዛሬ «እዚህ ኮራል ነበር» ለማለት የሚያስችሉት።