ከሴይቼንቶ እስከ ቪኤይት

የዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት አዘጋጆች «እርስዎ የመለዋወጫ ነጋዴ ነዎት፤ ስለ መኪና ታሪክ ጥቂት ይጻፉልን» ባሉኝ ጊዜ በመጀመሪያ ሳቅሁ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ባለሱቅ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። ይሁን እንጂ በሱቄ ባንኮኒ ላይ በየሳምንቱ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ «ጋሼ፣ የድሮውን ጉልበተኛ መኪና ይዤ ልቆይ ወይስ ሸጬ አዲስ ልግዛ?» መልሱ አጭር ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

የመጀመሪያውን መኪና በ1900 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ያስገባው ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። መንገድ በሌለበት በረሃና ተራራ አቋርጦ ሲድሊ መኪናውን ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘንድ አደረሰ። ጋራዥ የለ፣ መለዋወጫ የለ። የተሰበረውን በእጁ እየጠገነ ነው የደረሰው። እኔ ይህን ታሪክ ስሰማ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የኒሙሌ መንገድ ነው።

እውነተኛው የጋራዥ ሙያ ግን የገባው ከጣልያን ጋር ነው። ወረራው እ.ኤ.አ. በ1941 ሲያበቃ ብዙ ጣልያኖች እዚያው ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ፤ ልጆቻችንም ከእነርሱ ሥር ቁልፍ እያቀበሉ ተማሩ። ዛሬ ጁባ ላይ አንድ የአገራችን መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ «ካንዴላው ነው፣ ፑንቲናው ነው፣ ፍሪሲዮኑ ነው» ሲል ሳያውቀው ጣልያንኛ እየተናገረ ነው።

የዚያን ዘመን ትንሽ ጀግና ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ፤ ፊያት 600፣ በእኛ አጠራር ሴይቼንቶ። ጣልያን አገር ከ1955 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. ተሠርቷል። ሞተሩ ከኋላ ሲሆን የመጀመሪያው 633 ሲሲ ብቻ ነበር፤ ጉልበቱም 25 ፈረስ አይሞላም። ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ የአዲስ አበባ ታክሲ ሆነ። ልጅ ሳለሁ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገት ሲወጣ ሞተሩ እንዳይግል ሾፌሩ የኋላውን ክዳን በእንጨት ደግፎ ከፍቶት ሲሄድ አይቻለሁ፤ እኛም «አፉን ከፍቶ ይለምናል» እያልን እንስቅ ነበር። ካደግሁ በኋላ ነው ካርሎ አባርት የተባለው ባለሙያ ይህንኑ ሴይቼንቶ ወደ እሽቅድምድም መኪና ለውጦ፣ ክዳኑን ልክ እንደኛ ሾፌሮች ከፍቶ፣ ትልልቆቹን እያስቀደመ እንደነበር የተረዳሁት። የሳቅነው በእሽቅድምድም መኪና ነበር ማለት ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚያ ያጣል። የድሮ መካኒኮች የካርቡራተሩን ጂግለር በትንሹ ቀይረው ሞተሩን ከአየሩ ጋር ያስታርቁት ነበር። መሣሪያቸው ጆሯቸው ነበር። ሞተሩን አስነሥተው፣ ዊንጩን በሩብ ዙር አዙረው፣ «አሁን ተነፈሰ» ይላሉ።

አባቴ ይሠሩበት የነበረው መሥሪያ ቤት ፔጆ 404 ነበረው። እርሳቸው መኪናውን የሚያከብሩት ስለ ምቾቱ ሳይሆን ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ነው። በዚያ ውድድር 404 እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። በ1963 ከሰማንያ በላይ መኪኖች ተነሥተው የጨረሱት 7 ብቻ ነበሩ። «ፈጣን ማለት የሚደርስ ነው» ይሉኝ ነበር አባቴ። ያን ጊዜ የገባኝ አይመስለኝም።

ደርግ መጣና አዲስ መኪና ብርቅ ሆነ፤ ላዳ ከሶቪየት ኅብረት ገባ። ላዳ መሠረቱ ፊያት 124 ስለሆነ የጣልያን ደቀ መዝሙር የነበሩት መካኒኮቻችን እንግዳ አልሆነባቸውም። እኔም ከትምህርት ቤት ወጥቼ መርካቶ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ስሸጥ የጀመርኩት በላዳ ፍሬን ሸራ ነው።

ጁባ የመጣሁት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የሰላም ስምምነቱ ጥር 9 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. ከተፈረመ አንድ ዓመት አልፎታል፤ ብዙዎቻችሁ ሆቴል፣ ምግብ ቤትና የውኃ ቦቴ ይዛችሁ የመጣችሁበት ጊዜ ነው። ከኒሙሌ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር ገና አስፋልት አላየም፤ ዳር ዳሩ ፈንጂ ይለቀም ነበር። አስፋልቱ የተጠናቀቀው በ2012 ነው። ያኔ ነው ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የእርዳታ ሠራተኛ ላንድ ክሩዘር 80 ቱርቦ የገዛሁት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሥራዬ ነውና። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ነው። ሞተሩ 4,164 ሲሲ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ነው። ፖምፓው ሙሉ በሙሉ በሜካኒክ የሚሠራ ስለሆነ አንዴ ከተነሣ አንዲት ሽቦ ኤሌክትሪክ ካገኘ ይሄዳል። ግን ባለቤቱን ይፈልጋል። ዘይቱ በ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር፤ የናፍጣ ማጣሪያው ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ በየሳምንቱ ይፍሰስ፤ የታይሚንግ ቀበቶው 100,000 ሳይሞላ ይለወጥ፤ ከሩጫ በኋላ ቱርቦው እስኪበርድ አንድ ሁለት ደቂቃ ሳይጠፋ ይቁም። የቀደሙት ሞተሮች የቢዬላ ብሮንዚና ቶሎ እንደሚበላ በሙያው ያለ ሁሉ ያውቃል፤ ድምፅ እስኪያሰማ የጠበቀ ሰው ኮሎውን ይቀብራል። «የድሮ መኪና አይበላሽም» የሚላችሁን አትመኑት። ይበላሻል፤ ልዩነቱ አስቀድሞ ይነግራችኋል።

አዲሶቹስ? እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው 200፣ እኛም ጁባዎችም ቪኤይት የምንለው፣ የሥልጣን ምልክት እስኪሆን ድረስ ከተማውን ሞላው። ተተኪው 300 በ2021 ሲመጣ ሞተሩ ቪ6 ሆኗል፤ ስሙ ግን ከሰው አፍ አልወጣም። እውነቱን ለመናገር የእኔ ቱርቦ ከእነዚህ ጋር አይወዳደርም። ይሮጣሉ፣ ፍሬናቸው አይንሸራተትም፣ ኤርባግ አላቸው። የአባቴ 404 የደህንነት ቀበቶ እንኳ አልነበረውም። በኒሙሌ አስፋልት ላይ ስንት ሰው እንዳለቀ የምታውቁ ይህን አትንቁት። ችግሩ ናፍጣው ነው። በአዲሱ ሞተር ናፍጣ ከ1,500 ባር በላይ ተጨምቆ በፀጉር ቀጭን ቀዳዳ ይረጫል፤ በድሮው ኖዝል የሚከፍተው ግፊት 200 ባር ገደማ ነው። ናፍጣ ሲጠፋ መንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የምንገዛው ውኃና አሸዋ ያለበት ነገር አሮጌውን ያስለዋል፣ አዲሱን ይገድለዋል።

ሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ላይ ጁባ ስትታመስ የሆነውን ሁላችንም አንረሳውም። ተኩሱ ጋብ እንዳለ ጎረቤቴ ቤተሰቡን ጭኖ ሊወጣ አዲሱን መኪናውን አስነሣ፤ የሦስት ዓመት ዕድሜ እንኳ አልነበረውም። ከሁለት ቀን በፊት ከጠርሙስ የቀዳው ናፍጣ ነበረበት። ቢጫ መብራት በራ፤ ሞተሩ ጉልበቱን ቀንሶ ከጎረቤት አጥር አላልፍ አለ። መብራቱን የሚያነብ ኮምፒዩተር የያዘው ልጅ ሸሽቷል። በእኔ ቱርቦ አሥራ አንድ ሰው ሆነን፣ ሦስቱ ሕፃናት፣ ማጣሪያውን ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ፈትቼ ውኃውን እያፈሰስኩ ኒሙሌ ደረስን። ያን ቀን የአባቴ ነገር ትዝ አለኝ።

ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ስንመለስ የጎረቤቴን መኪና ያዳነው የእኔ ልጅ ነው። በላፕቶፕ ገጥሞ በአሥር ደቂቃ የተበላሸውን ኢንጀክተር ቁጥሩን ነገረን። እኔ ግን ሞተሩን ለግማሽ ቀን ሳዳምጥ ውዬ ምንም አልሰማሁም ነበር። ልጄ አሁን አዲስ አበባ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የሚሠራው በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ነው። «አባባ፣ ቱርቦውን ሽጠው፤ ፖምፓ የሚያስተካክልልህ ሰው እያለቀ ነው» ይለኛል። ይህ እውነት ነው። የእኔን ፖምፓ ያስተካክሉ የነበሩት ሽማግሌ ዓይናቸው ደክሞ ወደ አገር ቤት ተመልሰዋል።

ባለፈው ወር ስልክ ደውዬ ለልጄ አድራሻቸውን ሰጠሁት። እሑድ እሑድ እየሄደ እያጠናቸው ነው፤ እርሳቸው ይናገራሉ፣ እርሱ በስልኩ ይቀርፃል። ቱርቦው ከሱቁ ጀርባ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። ብሮንዚናው ከዱባይ ታዟል።