የውሃ ሞተሩ እምቢ ሲል

«ጋሼ፣ ሞተሩ እምቢ አለ።»

አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ተቀምጦ ቢቸና ወይም ሞጣ አካባቢ ላሉ ዘመዶቹ የውሃ መሳቢያ ሞተር የገዛ ሰው ይህን ስልክ ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ የሚደወለው በጥርና በመጋቢት መካከል ነው፤ ሽንኩርቱ ሥር ይዞ፣ ድንቹ አብቦ፣ ዝናብ ግን ገና ሩቅ በሆነበት ወቅት። ቀጥሎ የሚመጣው «ለሠሪ የሚሆን ብር ላክልን» የሚለው ነው። ሽንኩርት ግን ብሩ እስኪላክ፣ ሞተሩም ከተማ ደርሶ እስኪመለስ አይጠብቅም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ከበረታ ወዲህ ደግሞ መንገድ የሚዘጋባቸው ጊዜያት ስለነበሩ፣ ሠሪ ዘንድ መድረሱ ራሱ ቀላል አልሆነም።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ስልክ መልስ እንዲሆን የተዘጋጀ ነው። መነሻው አንድ ሐሳብ ነው፤ «ሞተ» የተባለ ትንሽ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም። ከእሳት፣ ከቤንዚን፣ ከአየር ወይም ከውሃ አንዱ ጎድሎበታል። ስለዚህ ፍተሻው ምንም ከማያስወጣው ተነስቶ ወደሚያስወጣው ይሄዳል እንጂ በመፍታት አይጀመርም።

ሞተሩን እንወቀው

ሙጋ፣ ሱሃና አዝዋሪ ከጮቄ ተራራ ተነስተው ምሥራቅ ጎጃምን እየቆረጡ ወደ ዓባይ የሚወርዱ ወንዞች ናቸው። በእንደዚህ ዓይነቶቹ ወንዞችና በገባሮቻቸው ዳር በበጋ ለሚያለማ ገበሬ የሚስማማው ሞተር በቤንዚን የሚሠራ፣ ገመድ ተጎትቶ የሚነሳ፣ ባለ አንድ ፒስተንና ባለ አራት ስትሮክ ነው። የሆንዳው ጂኤክስ 160 163 ሲሲ ሲሆን 0.6 ሊትር ገደማ የሞተር ዘይት ይወስዳል፤ በእሱ አምሳያ የተሠሩ የቻይና ሞተሮችም ብዙ ናቸው። ከሞተሩ ጎን ባለ 2 ወይም ባለ 3 ኢንች ፓምፕ ይታሰራል።

ሞተሩና ፓምፑ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ስለዚህ ለደዋዩ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ሞተሩ ነው የማይነሳው ወይስ ተነስቶ ውሃ አልሰጥ አለ?» የሚል ይሁን። የዚህ መልስ ፍተሻውን በግማሽ ያሳጥረዋል።

ሞተሩ ካልተነሳ

አንደኛ፣ ዘይቱ ይታይ። ሞተሩ ለጥ ባለ ቦታ ተቀምጦ የዘይት መክደኛው ይፈታ። ብዙዎቹ ሞተሮች ዘይት ሲጎድል እሳት የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ አላቸው። ዘይቱ ከጎደለ ወይም ሞተሩ ዘንበል ብሎ ከተቀመጠ ቀኑን ሙሉ ቢጎተት አይነሳም። ይህን ባለማወቅ ደህና ሞተር ይፈታል።

ሁለተኛ፣ ማብሪያው መብራቱ፣ የቤንዚን መክፈቻው መከፈቱና ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ቾኩ መዘጋቱ ይረጋገጥ።

ሦስተኛ፣ ካንዴላው ይታይ። ገመዱ ጥቂት ጊዜ ከተጎተተ በኋላ ካንዴላው ይፈታ። ጫፉ ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም። ከራሰ ቤንዚን ደርሶት እሳት አጥቷል፣ አለዚያም ከመጠን በላይ ጠጥቷል። ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ አየር አንሶታል። እሳቱን ለመፈተሽ ካንዴላው ኮፍያው ላይ ይሰካና ብረቱ የሞተሩን አካል እንዲነካ እጀታው ጎማ በለበሰ ፒንሳ ተይዞ ገመዱ ይጎተታል፤ ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ መታየት አለበት። በዚህ ጊዜ የፈሰሰ ቤንዚን በአቅራቢያው እንዳይኖር፣ የካንዴላው ቀዳዳም በጨርቅ እንዲሸፈን ያስፈልጋል። ብልጭታ ከጠፋ ካንዴላው ተጠርጎ የጫፉ ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ይስተካከላል። ያም ካልረዳ አዲስ ካንዴላ ይሞከራል።

አራተኛ፣ ቤንዚኑ ይፈተሽ። ባለፈው ሚያዝያ የተቀዳ ቤንዚን ክረምቱን ሞተሩ ውስጥ ከከረመ እየተነነ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል፤ እሱም የካርቡሬተሩን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚንም ውሃ ሊቀላቀልበት ይችላል። ጥርት ባለ ጠርሙስ ቀድቶ ጥቂት ማቆየት ነው፤ ውሃ ካለው ከታች ይጠልላል። አሮጌው ቤንዚን ከታንከሩም፣ ከካርቡሬተሩ ሥር ካለችው ትንሽ ቡሎን በኩልም ወጥቶ በአዲስ ይተካ። ቤንዚኑ በቡሎኗ በኩል እየፈሰሰ ካንዴላው አሁንም ደረቅ ከሆነ ካርቡሬተሩን መፍታት ተገቢ ነው። ቀዳዳዋ ወደ ብርሃን ተይዛ ትታይ፣ በአየር ትነፋ። በብረት ሽቦ መጎርጎር ግን ቀዳዳዋን ያሰፋታል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቤንዚን ሲያባክን ይኖራል።

አምስተኛ፣ የአየር ማጣሪያው ይታጠብ። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ውሃ ታጥቦ በደንብ ይደርቅና ጥቂት የሞተር ዘይት ይነካል። ያለ ማጣሪያ ማሠራት አቧራውን በቀጥታ ወደ ፒስተኑ መላክ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ገመዱ ያለ ምንም ግፊት ባዶውን ከተሳበ ችግሩ ቫልቩ፣ የፒስተኑ ቀለበቶች ወይም ጓርኒሲዮኑ ጋ ሊሆን ይችላል። ያኔ ለሠሪ ብር መላክ ምክንያት አለው።

ተነስቶ ውሃ ካልሰጠ

ፓምፑ ከመነሳቱ በፊት ሆዱ በውሃ መሞላት አለበት። ባዶውን ከተሽከረከረ በሞተሩና በፓምፑ መካከል ውሃ የሚያግደው ሲል በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል፤ ከዚያም በዘንጉ በኩል ውሃ ማንጠባጠብ ይጀምራል።

ተሞልቶም ካልሰጠ መጠርጠር ያለበት የመምጠጫው ቱቦ ነው። የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የላላ ማጥበቂያ ወይም የጠፋ ጎማ አየር ያስገባል፤ አየር የሚስብ ፓምፕ ደግሞ ውሃ አይስብም። የተጠረጠረው መጋጠሚያ በእርጥብ ጭቃ ሲለበጥ ውሃው ከመጣ ቀዳዳው ተገኘ ማለት ነው። የቱቦው ጫፍ ማጣሪያም በቅጠልና በደለል አለመደፈኑ ይታይ።

ከፍታውን አንርሳ

ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የሞተሩ ጉልበት በሩብ ያህል ይቀንሳል። ቤንዚኑ በዚያው ልክ ስለማይቀንስም ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ሆንዳ ከ1 ሺህ 500 ሜትር በላይ ዘወትር ለሚሠራ ሞተር ካርቡሬተሩ ለከፍታው እንዲስተካከል ይመክራል፤ ሠሪ ዘንድ ሲደረስ ይህን መጠየቅ አይከፋም።

ፓምፑም ይጎዳል። ውሃውን በመምጠጫው ቱቦ ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ግፊት ነው። በባሕር ወለል ይህ ግፊት ውሃን በስሌት እስከ 10 ሜትር ገደማ ያነሳል፤ በቢቸናና በሞጣ ከፍታ ከ7 ሜትር ተኩል ብዙም አይዘልም። የቱቦው ሰበቃና የመጋጠሚያው ክፍተት ሲቀነስ በተግባር 5 ሜትር ገደማ ላይ መቆም ይሻላል። ካርቶኑ ላይ 7 ወይም 8 ሜትር ተብሎ የሚጻፈው ለባሕር ወለል ነው። «አዲሱ ሞተር ጉድጓዱ ላይ አልሠራ አለ» ለሚል ስልክ ይህ አንዱ መልስ ነው። መፍትሔው ፓምፑን ወደ ውሃው ማቅረብ ነው፤ ከፓምፑ ወዲያ ውሃውን ሽቅብ መግፋት የሞተሩ ሥራ ስለሆነ በዚህ ልኬት አይወሰንም።

ማቅረብ ሲባል ግን ገላጣ በሆነ የወንዝ ዳር መደብ ቆፍሮ ማስቀመጥ እንጂ ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ ማውረድ አይደለም። የቤንዚን ሞተር የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጉድጓድ ውስጥ ተጠራቅሞ የወረደውን ሰው ሳይታወቀው ይገድላል። ሊያወጣው ተከትሎ የሚወርደውም እዚያው ይቀራል። ጥልቅ ጉድጓድ ካለ ውሃው ውስጥ የሚጠልቅ የኤሌክትሪክ ወይም የፀሐይ ኃይል ፓምፕ ይፈለግ። በስልኩ ሌላ ምንም ባይነገር ይህ ሳይነገር አይቅር።

የጣና ዘመዱ

ከሞጣ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ባሕር ዳር፣ የዚህ ሞተር ዘመድ ከጀልባ ጀርባ ተንጠልጥሎ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለጣና ዓሣ አጥማጆች ከተዋወቁ ወዲህ በሐይቁ የታወቀ ዕቃ ነው። ከላይ የተዘረዘረው የእሳት፣ የቤንዚንና የአየር ፍተሻ ለእሱም ይሠራል። ልዩነቱ ሦስት ነው። ባለ ሁለት ስትሮክ የሆነው አሮጌ የጀልባ ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሆነ፣ ያልተቀላቀለ ቤንዚን ፒስተኑን ያነክሰዋል። የሚቀዘቅዘው በሐይቁ ውሃ ስለሆነ ከጎኑ የምትፈሰው ቀጭን ውሃ ከቆመች ወዲያው መጥፋት አለበት። ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው ካልሄደ ደግሞ የመቅዘፊያው ማያያዣ ፒን ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። እምቦጭም መቅዘፊያውን ይጠመጥማል፣ የማቀዝቀዣውን ውሃ መግቢያም ይደፍናል።

ክረምት ሲገባ

የሚቀጥለው ዓመት ብልሽት የሚጀምረው ዘንድሮ ሞተሩ ሲቀመጥ ነው። ዝናብ ሲጥል ቤንዚኑ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፣ የፓምፑ ሆድ ይንጠፍ፣ ዘይቱ ይቀየር። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ያህል ንጹሕ ዘይት ገብቶ ገመዱ በቀስታ አንድ ሁለት ጊዜ ይሳብ። በሥራ ወቅት የጂኤክስ 160 ዘይት አዲስ ሲሆን ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያ ወዲያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ ይቀየራል።

ሞተር ለቤተሰብ የሚልክ ሰው ከሞተሩ ጋር ሁለት ካንዴላ፣ አንድ ሊትር ዘይት፣ የካንዴላ መፍቻና ካቻቢቴ ጨምሮ ይላክ። ስልኩ ሲደወልም ከብሩ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ዘይቱ ሞልቷል? ካንዴላው ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ? ፓምፑ ከውሃው ስንት ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል?