የተመዘገበ ዓይን፣ ያልተመዘገበ ዓይን፦ የቼልሲ ጡረተኞችና የገጠር ግቢ አሽከሮች በመዛግብት

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ የእንግሊዝ አገር ነው፤ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መነሻዬ የራሴ ስሕተት ስለ ሆነ ከእርሱ ልጀምር።

ለዶክትሬት ጥናቴ ለንደን ውስጥ ኪው በተባለው ሰፈር በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጬ የወታደሮች የስንብት ወረቀቶችን አነብ ነበር። ወረቀቶቹ ለአንባቢ ቸር ናቸው። የወታደሩ ስም፣ የተወለደበት አጥቢያ፣ ዕድሜው፣ ከመቀጠሩ በፊት የነበረው ሙያ፣ ያገለገለበት ዘመንና የተሰናበተበት ምክንያት ሰፍሮባቸዋል። ከ19ኛው ምእተ ዓመት መባቻ በኋላ በተጻፉት ውስጥ «ኦፍታልሚያ» የሚል ቃል ይደጋገማል፤ የእኛ ሰው የዓይን ማዝ ከሚለው ጋር የሚቀራረብ ብግነት ነው። ይህን ቃል እየቆጠርሁ፣ ዓይነ ሥውርነት በዚያ ዘመን በተለይ የወታደር ዕጣ ነበር ብዬ ጻፍሁ።

ለመሳሳት የሚገፋፋ ማስረጃ አልጠፋም። በ1801 በጄኔራል አበርክሮምቢ መሪነት ፈረንሳዮችን ሊወጋ ግብፅ የዘመተው ሠራዊት በሽታውን ይዞ ተመለሰ። የሠራዊቱ ሐኪም ጆን ቬች በ1807 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ዘገበው፣ ከ700 ጥቂት የሚበልጡ ወታደሮች በነበሩበት አንድ የ52ኛው ክፍለ ጦር ሻለቃ፣ ከኦገስት 1805 እስከ ኦገስት 1806፣ ያገረሸባቸው ተጨምረው 636 ሕሙማን ተቆጥረዋል። 50ዎቹ ሁለቱንም፣ 40ዎቹ አንድ ዓይናቸውን አጥተው ተሰናብተዋል። ሻለቃውን ያጠፋው ጠላት ሳይሆን የራሱ ሰፈር ነበር ማለት ይቻላል። ኋላ ሞርፊልድስ የዓይን ሆስፒታል የሆነው የሕክምና ቤት በጆን ካኒንግሃም ሳውንደርስ የተመሠረተውም በዚሁ ወቅት፣ በ1805 ነው።

እንግዲህ የወታደሩ ዓይን ለምን ተጻፈ? ዋጋ ስለ ነበረው ነው። ንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ በ1682 ያቋቋመው የቼልሲ ተቋም በግቢው የሚጦረው ጥቂቱን ነበር፤ እጅግ የሚበዙት ጡረታቸውን እየተቀበሉ በየቀያቸው ይኖሩ ነበር። ያንን ለማግኘት በኮሚሽነሮቹ ፊት ደጅ መጥናት ግድ ነው። ዓይኑ ይመረመራል፤ ውሳኔው ይጻፋል። ገንዘብ ባለበት ደግሞ ጥርጣሬ አይታጣም፤ ከሠራዊቱ ለመውጣት ሲሉ ዓይናቸውን ሆን ብለው የሚያስቆጡ አሉ የሚል ክስ በሐኪሞቹ ጽሑፎች ውስጥ ይነበባል። ስለዚህ «ኦፍታልሚያ» የበሽታ ስም ብቻ ሳይሆን የፍርድ ቃልም ነው። ለዚያውም የአንድ በሽታ ስም አይደለም፤ ትራኮማም የጨብጥ ብግነትም በዚያው ጥላ ሥር ተጠልለዋል።

የጥናቴን ረቂቅ ያነበቡ አንዲት አዛውንት ፕሮፌሰር አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ከመቀጠሩ በፊት አሽከር የነበረው ይህ ሰው፣ ባይዘምት ኖሮ ዓይኑን የት ታገኘው ነበር?» መልስ አልነበረኝም። የሙያውን ዓምድ ስገለብጠው ኖሬ ልብ አላልሁትም።

ወደ ባላባቶቹ የገጠር ግቢዎች መዛግብት ዞርሁ። የደመወዝ መዝገቡ የዓመት ክፍያና የደንብ ልብስ ወጪ ይነግረናል። ከ1777 ጀምሮ በወንድ አሽከሮች ላይ ግብር ስለ ተጣለ፣ መንግሥት ራሱ አሽከሮችን ይቆጥር ነበር፤ የቆጠረው ግን የጌታቸውን ሀብት መለኪያ አድርጎ ነው። በዌልስ የኤርዲግ ግቢ ባለቤቶች፣ የዮርክ ቤተ ሰቦች፣ ከ1790ዎቹ ጀምረው አሽከሮቻቸውን በሥዕል አስለዋል፤ ግጥምም ጽፈውላቸዋል። ብርቅ ነገር ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ሆኖም ሥዕሉ የጌታው ምስጋና እንጂ የአሽከሩ የጤና መዝገብ አይደለም።

የአሽከሩን ዓይን የምናገኘው ከግቢው ከወጣ በኋላ ነው። በድሆች ሕግ መሠረት፣ ያላገባ ሰው ሙሉ ዓመት ተቀጥሮ ካገለገለ በዚያ አጥቢያ የመጦር መብት ያገኝ ነበር። ሲቸገር ዳኞች በመሐላ ይጠይቁታል፦ የት አገለገልህ፣ ለማን፣ ስንት ዓመት፣ በስንት? ጭንቀታቸው የትኛው አጥቢያ ይክፈል የሚለው ነው። ይህንን ለማምለጥ ከዓመት ጥቂት ቀን ጎደሎ አድርገው የሚቀጥሩም ነበሩ። በቅጥር መብት ማግኘት በ1834 ሲቀር ይህችም መስኮት ጠበበች። በ1851 የሕዝብ ቆጠራው ስለ ዓይነ ሥውርነት ጠየቀ፤ ዓይኑ የጠፋ አሽከር ግን ቆጣሪው ሲመጣ በጌታው ግቢ የመገኘቱ ዕድል ጠባብ ነው።

ትራኮማ ለእኛ ያለፈ ታሪክ አይደለም፤ ኢትዮጵያ ዛሬም ከባዱን ጫና ከተሸከሙት አገሮች ቀዳሚዋ ናት። የጤና ጣቢያ መዝገብ ለማጥናት የምትዘጋጁ ተማሪዎች፣ ወደ ጣቢያው ያልመጣው ሰው ሌላ የት ሊጻፍ እንደሚችል አስቀድማችሁ አስቡ።

ያን ምዕራፍ አልቀደድሁትም። ቁጥሮቹ እንዳሉ ናቸው። «ዓይነ ሥውርነት በወታደሮች ዘንድ» ይል የነበረውን ርእስ ግን «ጡረታ የተከፈለበት ዓይነ ሥውርነት» ብዬ ለወጥሁት።