አጃቢ

«አጀበ» ከበበ፣ ተከትሎ ሸኘ ማለት ነው። በወሎ፣ ከላላ ወይም መካነ ሰላም ላይ «አጃቢ» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ሙሽራውን ከብቦ እየጨፈረ የሚሄደው ሠርገኛ ነው። ሙዚቃ ቤት ሲገባ ግን ቃሉ ጠበበ፤ አጃቢ ባንድ ከድምፃዊው ኋላ የቆመ ተከታይ መሰለ።

የአለማየሁ እሸቴ ሥራ ይህን አይቀበልም። ለሮክ ኤንድ ሮል ባለው ፍቅር «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» የተባለው አለማየሁ የፖሊስ ኦርኬስትራ ድምፃዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 «ትማርኪያለሽ» የተሰኘ ሸክላው በአምሃ ሬከርድስ ታተመ፤ የአሳታሚው የመጀመሪያ ሥራም እሱ ነው። ኋላም ከግርማ በየነ ጋር ዓለም-ግርማ ባንድን አቋቋመ። ግርማ ድምፃዊም፣ ፒያኒስትም፣ አቀናባሪም ነው። እንዲህ ያለውን ባለሙያ «አጃቢ» ብሎ ማለፍ ግፍ ነው፤ የባንዱ ስም እንኳ ግማሹ የእሱ ነው!

ማህሙድ አህመድም የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ድምፃዊ ነበር፤ «ኧረ መላ መላ»ን እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው ግን ከአይቤክስ ባንድ ጋር ነው።

ታዲያ እነዚህን ሙዚቀኞች ምን እንበላቸው? በወሎ መንዙማ መሪው «አውጪ»፣ ሕዝቡ «ተቀባይ» ይባላል። ተቀባዩ አዝማቹን ካልመለሰ አውጪው ወደ ቀጣዩ ስንኝ አይሻገርም። ለባንድ ሙዚቀኛም የሚስማማው «ተቀባይ» የሚለው ቃል ይመስላል።

ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ2006 ከኔዘርላንዱ የፓንክ ባንድ ዘ ኤክስ ጋር «ሞአ አንበሳ»ን ሲያወጣ ማን ማንን አጀበ? ግርማ በየነም እ.ኤ.አ. በ2017 ከፈረንሳዩ ባንድ አካለ ውቤ ጋር ባሳተመው አልበም ላይ የድምፃዊውም የባንዱም ስም አብሮ ሰፍሯል።