ከለ ኮርት የተነሣው ጥያቄ

ለ ኮርት በእንግሊዝ አገር በሃምፕሻየር ግዛት የነበረ የአካል ጉዳተኞች መኖሪያ ነው። የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1948 የጦር አውሮፕላን አብራሪ የነበሩት ሊዮናርድ ቼሻየር ናቸው፤ ስማቸው በመናገሻው የተሐድሶ ማዕከል ምክንያት ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች እንግዳ አይደለም። ቤቱ የተቋቋመው በበጎ አድራጎት መንፈስ ነበር። ነዋሪው ግን ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው ሆኖ ሳለ የመኝታውን ሰዓት እንኳ የሚወስንለት አስተዳደሩ ነበር።

የጡንቻ መመንመን ሕመም የነበረባቸው ፖል ሃንት በ1956 ወደዚያ ገቡ። እርሳቸውና ባልንጀሮቻቸው በየጊዜው ከሚወጡት ደንቦች ጋር ይከራከሩ፣ በአስተዳደር ኮሚቴው ውስጥም ውክልና ይጠይቁ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ከታቪስቶክ ተቋም ተመራማሪዎች መጥተው ኑሯቸውን እንዲያጠኑ ራሳቸው ነዋሪዎቹ ጋበዙ።

ጥናቱ በ1972 ሲታተም የጠበቁትን አላገኙም። ተመራማሪዎቹ ወደ እንደዚህ ያለ ቤት የሚገባ ሰው በማኅበረሰቡ ዘንድ እንደ ሞተ ይቆጠራል አሉ፤ የተቋሙ ተግባርም ከዚህ ሞት እስከ አካላዊው ሞት ያለውን ጊዜ ማስተዳደር ነው ሲሉ ደመደሙ። ምልከታቸው ሐሰት ነበር ለማለት ያስቸግራል። ስሕተታቸው መገለሉን የማይለወጥ ነገር አድርገው መቀበላቸው ነው። ሃንት በጻፉት ምላሽ ገለልተኛ ነን ያሉት ምሁራን ለተቋሙ ወግነዋል ሲሉ በምሬት ወቀሱ። ምላሹ የታተመው በ42 ዓመታቸው ካረፉ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1981 ነበር።

በዚያው በ1972 ሃንት በጋርዲያን ጋዜጣ ባወጡት ደብዳቤ አካል ጉዳተኞች የራሳቸውን ማኅበር እንዲያቋቁሙ ጠሩ። የተመሠረተው ማኅበር በ1976 ባሳተመው ሰነድ የአካል ጉዳትን ከአካል ጉዳተኝነት ለየ፤ የመጀመሪያው በሰውነት ላይ ያለ ሲሆን፣ ሁለተኛው ኅብረተሰቡ በአደረጃጀቱ የሚጭነው ገደብ ነው። ይህ ሐሳብ ሕክምናን የሚነቅፍ የሚመስላቸው አሉ፤ የሚለው ግን ሐኪሙ ስለ ጡንቻው ያለው ዕውቀት ሰውየው የት መኖር እንዳለበት ለመወሰን ሥልጣን አይሰጠውም ነው።

ከሃንት በኋላ ጆን ኤቫንስና ሌሎች የለ ኮርት ነዋሪዎች «ፕሮጀክት 81» የተባለውን ዕቅድ ነደፉ። በየዕለቱ የሚያስፈልጋቸውን እርዳታ ራሳቸው ዘርዝረው፣ ወጪውን አስልተው፣ ለአካባቢው ባለሥልጣናት አቀረቡ። የ1948ቱ ሕግ ገንዘብ ለግለሰብ እንዳይሰጥ ይከለክል ስለነበር ክፍያው በተቋሙ በኩል እንዲያልፍላቸው ተስማሙ። በዚህ መንገድ ኤቫንስ በ1983 ወደ ራሳቸው ቤት ወጡ። ሠራተኛ መቅጠርና ሒሳብ መያዝ ለብዙዎች ከባድ ሸክም ስለሆነ፣ በቀጣዩ ዓመት በአካል ጉዳተኞች የሚመራ የምክርና የድጋፍ ማዕከል በሃምፕሻየር ተቋቋመ።

ገንዘቡን በቀጥታ ለተጠቃሚው መስጠት የፈቀደው ሕግ የወጣው በ1996 ነው። ያም ቢሆን ዕድሜያቸው ከ65 በታች ለሆኑት ብቻ ነበር፤ አረጋውያን እስከ 2000 መጠበቅ ነበረባቸው።