ሪአክሽኑ የት ይቁም? ቀለበት በመክፈት ስለሚዘጋጁ ሲሊከን አዘል ፖሊመሮች

ሲሊከንና ኦክስጅን እየተፈራረቁ የሚሠሩት የሲሎክሴን ሰንሰለት ሙቀትን ይችላል፣ ብርድም በቀላሉ አያደርቀውም። በጣም የታወቀው ፖሊዳይሜቲልሲሎክሴን ተጣጣፊነቱን አጥቶ እንደ መስታወት የሚደርቀው ከዜሮ በታች 125 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ነው። ይሁንና የሲሊከንና የኦክስጅን ትስስር ጠንካራም ቢሆን ከፊል አዮናዊ ጠባይ ስላለው፣ ሙቀት ያልበገረውን ሰንሰለት ጥቂት ቤዝ ወይም አሲድ ይቆራርጠዋል። ፈንክሽናል ግሩፕ የተሸከሙ ሲሊኮኖችን የሚሠራ ኬሚስት ከሁሉ በፊት መወሰን ያለበት ሪአክሽኑ የት ላይ እንደሚቆም ነው የምንለው ከዚህ ጠባይ ተነሥተን ነው።

ዩጂን ሮቾው እ.ኤ.አ. በ1940 በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ የሜቲል ክሎራይድ ጋዝን በጋለ ሲሊከንና በመዳብ ካታሊስት ላይ በማሳለፍ ዳይሜቲልዳይክሎሮሲሌንን አገኘ። ይህ ውህድ ውሃ ሲነካው አጫጭር ሰንሰለቶችና ቀለበቶች ተደባልቀው ይወጣሉ። በማንጠር ከሚለዩት ቀለበቶች ለእኛ ጉዳይ ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፤ ሦስት የሲሎክሴን ክፍል ያለውና በሙያው ዲ3 የሚባለው፣ እንዲሁም ባለአራቱ ዲ4።

የሁለቱ ጠባይ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አብዛኞቹ ቀለበታዊ ሞኖመሮች የሚከፈቱት ውጥረታቸውን ሲያራግፉ ሙቀት ስለሚለቁ ነው። ዲ4 ግን ውጥረት የለበትም ለማለት ይቻላል፤ ሲከፈትም እዚህ ግባ የሚባል ሙቀት አይሰጥም። ወደ ሰንሰለትነት የሚገፋው የኢንትሮፒ ጭማሪ ነው፤ እንደ ልብ የሚታጠፈው ረጅም ሰንሰለት ከተዘጋው ቀለበት ይልቅ ብዙ ቅርጽ ሊይዝ ይችላልና። በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሲከፈት ታዲያ ንቁው የሰንሰለት ጫፍ አዲስ ቀለበት ከመክፈት አልፎ የራሱን አካል ይነክሳል፣ የጎረቤቱንም ይቆርጣል። መጨረሻ ላይ ሚዛን ሲደርስ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ቀለበት ሆኖ ይቀራል፤ የሰንሰለቶቹም ርዝመት የተዘበራረቀ ይሆናል። ለዘይትና ለማሸጊያ ይህ አይከፋም። ጫፉ ላይ አንድ የተወሰነ ግሩፕ ብቻ እንዲኖረው ለሚፈለግ ፖሊመር ግን አይበቃም።

እዚህ ላይ ዲ3 ይመረጣል። ቀለበቱ የተወጠረ ስለሆነ በዝግታ ከሚመጣው መናከስ በፊት ፈጥኖ ይከፈታል። የተለመደው አሠራር ቡቲልሊቲየምን በሳይክሎሄክሴን ውስጥ ከዲ3 ጋር አገናኝቶ ሰንሰለቶቹን በአንድነት ማስጀመር፣ ከዚያም ቴትራሃይድሮፉራን ጨምሮ ማስረዘም ነው። ሊቲየም ሲላኖሌት ከሚባለው ንቁ የሰንሰለት ጫፍ ጋር ጠበቅ ብሎ ስለሚቆራኝ ከፖታሲየም ይልቅ ጭምት ነው። ሞኖመሩ ሳያልቅ ቫይኒል ወይም ሜታክሪል በተሸከመ ክሎሮሲሌን ሪአክሽኑን መግደል ርዝመታቸው የተቀራረበ፣ ጫፋቸው የታወቀ ሰንሰለቶችን ይሰጣል። ሞኖመሩ እስኪሟጠጥ መጠበቅ፣ ትርፍ የሚያስገኝ ቢመስልም፣ ጥራትን አሳልፎ መስጠት ነው።

ትራይፍሎሮፕሮፒል ያለበት ሲሎክሴን ጉዳዩን ይበልጥ ያጎላዋል። ነዳጅና ዘይት የሚቋቋመው ይህ ላስቲክ ወደ ሚዛን እንዲደርስ ከተተወ አብዛኛው ክፍሉ ወደ ቀለበትነት ይመለሳል። ስለዚህ በጊዜ ካልቆመ ፖሊመሩ ራሱ አይኖርም።

የግሩፑ ዓይነት ደግሞ ካታሊስቱን ይወስናል። በሲሊከን ላይ የተቀመጠ ሃይድሮጅን ያለው ቀለበት በጠንካራ ቤዝ ፊት ሃይድሮጅን ጋዝ እየለቀቀ ይበላሻል፤ እንደ ትራይፍሊክ ባለ አሲድ መክፈት ይሻላል። አሚኖፕሮፒል ግን ቤዝን ይችላል። ሃይድሮክሲልና ካርቦክሲል የአኒዮኑን ጫፍ ያከሽፋሉ፤ እነሱን ከመጀመሪያ ከማስገባት ይልቅ ቫይኒል ወይም የሲሊከን ሃይድሮጅን አስቀምጦ በኋላ በፕላቲነም ካታሊስት ማያያዝ አስተማማኙ መንገድ ይመስለናል።

ዘዴው በሲሎክሴን ብቻ አይወሰንም። እ.ኤ.አ. በ1992 ኢያን ማነርስና ባልደረቦቹ በቶሮንቶ ፌሮሴንን በአንድ ሲሊከን ያገናኘ እጅግ የተወጠረ ቀለበት በሙቀት ከፍተው፣ በዋናው ሰንሰለት ላይ ብረት ያለበት ረጅም ፖሊመር አገኙ።

መናከሱ ሁልጊዜ ጠላት ነው ማለታችን አይደለም። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ማካርቲና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ሥራ ዲ4ን ሁለት የዲ4 ቀለበቶች ከተያያዙበት ሞለኪውል ጋር በቴትራሜቲልአሞኒየም ሲላኖሌት ከፈቱ፤ ንቁዎቹን ጫፎችም ሆን ብለው ሳይገድሉ ተዉአቸው። ላስቲኩ በቢላ ተቆርጦ፣ ገጽና ገጹ ገጥሞ ሲሞቅ መልሶ አንድ ሆነ። መሠረታዊው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲሎክሴን ላስቲኮች ውጥረታቸውን እንዴት እንደሚያላሉ በተጠናበት ሥራ ውስጥ ነበረ፤ ለግማሽ ምዕተ ዓመት እንደ ጉድለት እንጂ እንደ ሀብት አልታየም።

በፋብሪካ ደረጃ ግን አሁን ክርክሩ ወደ ቀሪዎቹ ቀለበቶች ዞሯል። የአውሮፓ ኅብረት ታጥበው በሚወርዱ የመዋቢያ ምርቶች ውስጥ ዲ4 ከክብደቱ 0.1 በመቶ እንዳይደርስ ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ ገድቧል። ሚዛን ላይ የደረሰ ቅልቅል ከዚህ እጅግ የበዛ ቀለበት ስለሚይዝ በሙቀትና በቫኪዩም ማትነን ግድ ነው። ካታሊስቱ አስቀድሞ መክሸፍ አለበት፤ የቴትራሜቲልአሞኒየም ካታሊስት የሚወደደው ሲሞቅ ራሱ ስለሚፈርስ ነው። ፖታሲየሙ ሳይከሽፍ ቫኪዩሙ ከተከፈተ ግን የሚወጣውን ቀለበት ለመተካት ሰንሰለቱ አዲስ እየቆረሰ ይሰጣል፤ ኬሚስቱ የሚያጠራ መስሎት የሠራውን ፖሊመር መልሶ ወደ ዲ4 ያነጥረዋል።